ከመጭመቂያው በፊት ሰሊጡ
(በአሰቦት፣ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






ዛሬ የማነሣው በየስብሰባው የሚጠየቀውን አነስተኛ የዘይት መጭመቂያ ጉዳይ ነው። የሚኤሶ ቆላ ሰሊጥ አብቃይ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ሰሊጡን በጥሬው ሸጠን ዘይት ከሱቅ እንገዛለን። ስለዚህ እሴት የመጨመር ጥያቄው ተገቢ ነው።

ነገር ግን በማውቀው አንድ ቀበሌ አባላት አዋጥተው መጭመቂያ ገዙ። ለጥቂት ሳምንታት ሠርቶ ቆመ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የጠፋው ሰሊጡ ነው። አባላቱ ምርቱን እንደሰበሰቡ ዕዳ ለመክፈል ለነጋዴ ሸጠውታል። ማኅበሩም ገንዘቡን በሙሉ በመሣሪያው ላይ ስላዋለ ከነጋዴው ተወዳድሮ መግዛት አልቻለም። በሬ ሳይኖር ቀንበር እንደመግዛት ሆነ። እኔም ሥልጠና ስሰጥ ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ መንቀሳቀሻ ገንዘብ አላነሣሁም ነበርና ጥፋቱን እጋራለሁ።

ከዚህ በመነሣት አራት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለመሣሪያ ከሚዋጣው ገንዘብ ላይ በመኸር ወቅት ሰሊጥ መግዣ የሚሆን ድርሻ ይለይ።

ሁለተኛ፣ ጥራት ከማሳ ይጀምር። ነዶው ቆሞ ይድረቅ፤ በሸራ ላይ ይራገፍ። አፈርና አሸዋ ዘይቱን ያበላሻል፣ የመጭመቂያውንም ዘንግ ይበላል።

ሦስተኛ፣ ፋጉሎው እንደ ተረፈ ምርት ብቻ አይታይ። ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ሲሆን የቀረው ፕሮቲን የበዛበት መኖ ነው። ሐረርጌ በሰንጋ ማድለብ የታወቀ አገር ነው፤ ገዢው ሩቅ አይደለም። ለአባላት በተመጣጣኝ ዋጋ ሲሸጥ ሰሊጣቸውን ለማኅበሩ ለማቅረብ ያተጋቸዋል።

አራተኛ፣ ዘይቱ ተጣርቶ፣ በንጹሕ ዕቃ ታሽጎ፣ የተመረተበት ቀን ተጽፎበት ይሸጥ። ከአዋሽ ወደ ጭሮ የሚወስደው ጎዳና በደጃችን ያልፋል፤ መንገደኛ አንዴ ቢገዛ ተመልሶ የሚገዛው ግን ጥራቱን ሲያምን ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጠቅላላ ጉባኤው መጭመቂያ እንዲገዛ ከመወሰኑ በፊት እያንዳንዱ አባል ስንት ኩንታል እንደሚያቀርብ በስሙ ይመዝገብ። መዝገቡ ከሞላ መሣሪያው ሥራ አይፈታም። ካልሞላም ገንዘባችን ሳይባክን አውቀነዋል ማለት ነው።