የምክር ቤት የዕለት ተዕለት ሥራና የነዋሪው ድርሻ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዕለት በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። እንዲህ ባለው ቀን የሚቆም ተማሪ ብዙውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር ይናገራል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከዚህ ዝቅ ያለ የሚመስል ነው፤ ይኸውም በከተማ፥ በወረዳና በቀበሌ ያለው ምክር ቤት በየጊዜው የሚሠራው ሥራ ነው። ዝቅ ያለ የሚመስል ማለቴ፥ በዚያ የሚነገረው ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ፥ ስለ ውሃ ቧንቧ፥ ስለ ቆሻሻ መጣያና ስለ መንገድ መብራት ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን መንግሥት የሚባለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ወደ ቤታችን ደጃፍ የሚቀርበው በዚህ ሥራ ነውና፥ ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችን የሙሴንና የአማቱን የዮቶርን ታሪክ ተምረናል። ሙሴ የሕዝቡን ጉዳይ ሁሉ ብቻውን ሲሰማ፥ ሕዝቡም ከጧት እስከ ማታ ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ዮቶር አይቶ፥ አሠራሩ ሁለቱንም ወገን የሚያደክም መሆኑን አስረዳው። ከዚያ ወዲያ የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆች ተሾሙ፤ ወደ ሙሴም የሚመጣው ከባዱ ነገር ብቻ ሆነ። እንግዲህ ትንሹ ጉዳይ በቅርቡ ይታይ የሚለው አሳብ ከጥንት የመጣ ነው። እዚሁ እኛ በምንኖርበት በሲዳማ ምድርም ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ «ሀላሌ» የሚሉት እውነት እስኪገኝ ድረስ ጉዳዩን እያገላበጡ ሲመክሩና በስምምነት ሲወስኑ ኖረዋል። ስለዚህ ተሰብስቦ መምከር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ምክሩ በጽሑፍና በሕግ መሆኑ ነው።

በሕግ በኩል የተደረገውን በአጭሩ ላስታውስ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃና በወረዳ አደራጀ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ በዚያን ጊዜ በከተማ ጉዳይ ድምፅ የነበራቸው ከሁሉ በፊት ቤትና ቦታ ያላቸው ነዋሪዎች ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች በተመረጠ ምክር ቤት ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ የሚል ትእዛዝ ቢወጣም፥ ፓርላማው ለገንዘቡ የሚያስፈልገውን ሕግ ስላላጸደቀው አሳቡ በተግባር ሳይፈጸም ቀረ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ዛሬ ቀበሌ የምንለውን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ የመንግሥት እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ትልልቅ ክልሎች የበጀት ሥልጣን ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተደረገ። ከእነዚህም አንዱ ሐዋሳ ዋና ከተማው የነበረችበት የደቡብ ክልል ነው።

ከተማችን ሐዋሳ ራስዋ ወጣት ናት። የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኋላ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እርስዋ ተዛወረ። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። ከተማዪቱ እኛ ያለንበትን መሃል ከተማን፥ እንዲሁም ሐይቅ ዳርን፥ ታቦርን፥ መናኸሪያንና ምሥራቅን በመሳሰሉ ክፍለ ከተሞች ተከፍላ፥ በሥራቸው ቀበሌዎች አሉባት።

አሁን ምክር ቤት ምን ይሠራል ወደሚለው ልምጣ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ የየምክር ቤቱ ትልቁ ሥራ በጀት መርምሮ ማጽደቅ ነው። ወረዳ ከክልሉ ከሚሰጠው ጥቅል ገንዘብ አብዛኛው የመምህራን፥ የጤና ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ነው፤ ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከተማ ደግሞ ከቦታ ሊዝ፥ ከኪራይና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ የራሱን ገቢ ይሰበስባል። ተመራጮቹ በጀቱን ካጸደቁ በኋላ በቋሚ ኮሚቴ ተከፍለው ሥራውን ይከታተላሉ፤ አስፈጻሚው የሚያቀርበውን ሪፖርት ይሰማሉ፤ ይጠይቃሉ። ይህ ሁሉ በአፈ ጉባኤ መሪነት ይካሄድና በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ ብናገረው ኖሮ እኔም ባልተረዳሁት ነበር። ነገር ግን የሥነ ዜጋ መምህራችን በሰጡን የቤት ሥራ ምክንያት አራት ተማሪዎች ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ በታዛቢነት ተቀምጠን ነበር። ስብሰባው ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። ሪፖርቱ ረጅም ነበር፤ ከተመራጮቹም ከመካከላቸው እንቅልፍ የያዛቸው ነበሩ። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ሰዓታችንን እንመለከት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ተመራጭ እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፥ «ባለፈው ዓመት ለመንደራችን ቦይ ተብሎ የጸደቀው ገንዘብ የት ደረሰ? ክረምቱ መጣ፤ ልጆቻችን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጡት ባለሥልጣን ሥራው «በሂደት ላይ» መሆኑን ተናገሩና ወደሚቀጥለው ነጥብ ሊያልፉ ሲሉ፥ ሴትዮዋ አልተቀመጡም። ወደ ጸሐፊው ዞረው፥ «ልጄ፥ ጥያቄዬ ተጽፎአል ወይ?» አሉት። ጸሐፊው አልጻፈውም ነበር። በአዳራሹ ሣቅ ሆነ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም። «እንግዲያስ ጻፈውና አንብብልኝ» አሉ። ጽፎ አነበበላቸው። ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ወገኖቼ፥ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ስለ ገባ፥ በሚቀጥለው ስብሰባ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ተነሣ፤ መልስም ሳይሰጥበት ማለፍ አልተቻለም። ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ተዛውሮ እንደ ነበረ ታወቀ፤ እንዲመለስም ተወሰነ። ቦዩ ተቈፍሮ አልቆአል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም፤ እስከ ዛሬ የተሠራው ግማሹ ነው። ሆኖም ግማሹ ሊሠራ የቻለው አንዲት እናት ጥያቄያቸው መጻፉን ስላረጋገጡ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ዲሞክራሲ ብዙ ቃል አጥንቻለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ያስተማረኝ ያ አንድ ጥያቄ ነው።

ደግሞም የአንድ መንደር ቦይ የአንድ መንደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደ ሐይቃችን ጥቁር ውሃን የመሰለ ወንዝ ይገባል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ አይታይም። ስለዚህ በጎርፍ ታጥቦ የሚገባው ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደው ሰው እንጀራው በዚሁ ውሃ ላይ ነው። ቦዩ በወቅቱ እንዲቈፈርና እንዲጸዳ የሚወስን ሰው፥ ሳያውቀው ስለ ዓሣ አጥማጁ ማዕድም ይወስናል።

በሌላው አገር እንዴት ነው? ከከተማችን ወደ ደቡብ የሚወስደው ጎዳና ሞያሌን አልፎ ኬንያ ያደርሳል። ጎረቤቶቻችን በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት ሕገ መንግሥት አገራቸውን በ47 ካውንቲ ከፍለው ለእያንዳንዱ የተመረጠ ምክር ቤትና አስተዳዳሪ ሰጥተዋል። ሕገ መንግሥታቸው የካውንቲ ምክር ቤት ስብሰባውን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ እንዲሠራና ነዋሪውን እንዲያሳትፍ ያዛል፤ ከብሔራዊ ገቢያቸውም ከመቶ ዐሥራ አምስት ያላነሰ ለካውንቲዎች እንዲደርስ ይደነግጋል። በዚያም ቢሆን ችግር የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በር ክፍት መሆን እንዳለበት በሕግ መጻፉ፥ ለሚያንኳኳው ሰው ብርታት ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ ልመለስ። በዚህ ዓመት ዐሥራ ስምንት ዓመት ስለ ሞላኝ፥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት የመምረጥ መብት አግኝቻለሁ። በ2000 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የምክር ቤት መቀመጫ ነበር። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ምርጫ ሲደረግ እኔና እኩዮቼ ገና ሕፃናት ነበርን፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረውም እንዲራዘም ተወሰነ። ከዚህ የተነሣ ከእኛ ከተማሪዎች መካከል የቀበሌ ምርጫ በዐይኑ አይቶ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የተመረጠበት ዘመን ሲረዝም ተመራጩ መራጩን ይረሳል፤ መራጩም ተመራጩን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ለማንሣት ይችላል ይላል፤ ነገር ግን ተመራጩ ማን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ያነሣዋል?

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ብንጠይቅስ ምን ይለወጣል? ሁሉም ከላይ የተወሰነ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ለማጨብጨብ ብቻ የሚጠሩ ስብሰባዎች እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እኛ ዝም ብንል ዝምታችን እንደ ስምምነት ይቈጠራል፤ የሚጻፍ ጥያቄም አይኖርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ወላጆች ሆይ፥ ወደ ስብሰባ ስትጠሩ፥ «ሥራ አለብኝ» ብላችሁ አትቅሩ፤ ስትሄዱም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መምህራን ሆይ፥ የሥነ ዜጋ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር፥ ለእኛ እንዳደረጋችሁልን ለታናናሾቻችንም አድርጉላቸው። ተማሪዎች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ሚኒስትር ወይም አምባሳደር ለመሆን የምትመኙ ብዙዎች ናችሁ፤ ምኞታችሁ ይሙላ። ነገር ግን ከዚያ በፊት በገዛ ቀበሌያችሁ ተመራጩ ማን እንደ ሆነ፥ ዘንድሮ የትኛው ቦይ ሊቈፈር እንደ ታቀደ፥ ስንት ብርም እንደ ተመደበ ጠይቃችሁ እወቁ።

እኔ በዚህ ዓመት ይህን ትምህርት ቤት ተሰናብቼ እሄዳለሁ። የምሄድበት ሥፍራ የትም ይሁን የት፥ እጄን አውጥቼ ለመጠየቅ፥ ከጠየቅሁም በኋላ ጥያቄዬ መጻፉን ሳላረጋግጥ ላልቀመጥ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ በትሕትና እየጠየቅሁ፥ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፥ ከተማችንንና አገራችንን ይባርክ።