ሰባት ትውልድ ስንቆጥር
(በአሽዶድ ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)



ባገራችን ሸክላ ብንሠራ፣ ብረት ብንቀጠቅጥ «ቡዳ» ተባልን። ማረሻውን ከእጃችን እየገዙ ዓይናችንን ይፈሩ ነበር። በሕንድም ዳሊት የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ሰው ጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ ይከለከሉ ነበር። ከእነርሱ የተወለደው ዶክተር አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1956 ናግፑር ከተማ ላይ የሂንዱን ሃይማኖት ትቶ ቡድሂስት ሆነ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተከተሉት።

እኛ ግን ሃይማኖታችንን ይዘን ነው የታገልነው። በ1985 የረቢዎች ዋና ጽሕፈት ቤት ለጋብቻ «መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ግቡ» ባለ ጊዜ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ከደጁ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ጥምቀትን የምናውቀው ከክርስቲያኖች ነበራ!

አሁን ግን የራሳችንን ጉድ እንነጋገር። ልጅ ስንድር ሰባት ትውልድ እንቆጥራለን። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነውና ደግ ነው። ታዲያ ቆጠራው ውስጥ «ጨዋ ነው ወይስ ባሪያ?» የሚለውን ምን አመጣው? በቤታችን ያገለገሉት ሰዎች እኮ በገዛ ሥርዓታችን ወደ ሃይማኖታችን የገቡ፣ ሰንበትን አብረውን ያከበሩ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ግን ዛሬም ለጋብቻ አንፈልግም።

ልጆቻችን ውጭ «ኩሺ» ተብለው አልቅሰው ይመጣሉ። ቤት ሲገቡ ደግሞ «ባሪያ» የሚለውን ቃል ከእኛ አፍ ይሰማሉ።