ኢላማ ያለው መድኃኒትና ኬሞቴራፒ ለጨጓራ ነቀርሳ



በሰሜን ሸዋ ደጋ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ማግኘት ያዳግታል። የአካሉ ስም የበሽታው ስም ሆኖ ተለምዷልና፣ ከአንኮበር የሚመጣው ገበሬ ቃሉን ሲናገር ሰሚው ነገሩን የታወቀ አድርጎ ይወስደዋል፤ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትም ይሰጠዋል። ከስቶ፣ ምግብ አልወርድ ብሎት፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለስ ግን ነቀርሳው ከቀዶ ሕክምና ወሰን አልፎ ይገኛል። የዛሬው ንግግሬ እዚህ ደረጃ ስለ ደረሰው ሕመምተኛ ነው።

ለእንዲህ ያለው ሰው የሕክምናው መሠረት ኬሞቴራፒ ነው፤ ይኸውም ፍሎሮዩራሲል ወይም ካፔሲታቢን ከፕላቲነም ወገን መድኃኒት ጋር። ዕድሜን ያራዝማል እንጂ አያድንም። በዚህ ላይ ኢላማ ያለው መድኃኒት መጨመር ዋጋ እንዳለው በግልጽ ያሳየው በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ቶጋ የተሰኘው ጥናት ነው። ጥናቱ ነቀርሳቸው ኸር2 የተባለውን ፕሮቲን ያበዛባቸውን 594 ሕመምተኞች በሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ትራስቱዙማብ ጨመረ። የሕይወት ዘመናቸው መካከለኛ ልክ ከ11.1 ወር ወደ 13.8 ወር ከፍ አለ፤ ፕሮቲኑ ጎልቶ በታየባቸው ደግሞ ከ11.8 ወደ 16 ወር ደረሰ። ሁለትና አራት ወር ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ገብሱን ዘርቶ ሳያጭድ በሚሞት ሰው ቤት ገብቶ ይህን የሚጠይቅ ግን የሚኖር አይመስለኝም።

ሆኖም ኸር2 የሚበዛው ከአምስት ሕመምተኞች በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ አዲስ መድኃኒት ስለ ተጨመረ ብቻ ጥቅም አይገኝም። በ2011 እ.ኤ.አ. ቤቫሲዙማብ ዕድሜ ማራዘሙ ሳይረጋገጥ ቀረ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓኒቱሙማብ የተጨመረላቸው ካልተጨመረላቸው ቀድመው ሞቱ። በ2023 እ.ኤ.አ. የተሳካለት ዞልቤቱክሲማብ በበኩሉ የሚሰጠው ክላውዲን 18.2 የተባለው ፕሮቲን በናሙናው ላይ ለታየለት ብቻ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ የሚወሰነው በናሙናው ነው፤ እኔም ከመድኃኒቱ ዋጋ ይልቅ በዚህ ላይ ማተኮርን መርጫለሁ። የጨጓራ ነቀርሳ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ቁራጭ በኸር2 ምርመራ ደምቆ ሲታይ ጎረቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። በኢንዶስኮፒ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ወስዶ ማቆም ስለዚህ አይበቃም፤ ከ6 እስከ 8 ቁራጭ፣ ከሞተው መካከል ሳይሆን ከዳርና ከዳር መወሰድ አለበት። ወዲያውም 10 በመቶ በሆነ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ብቻ ይቆያል። የአዲስ አበባው መኪና እስኪገኝ ለሳምንታት የሰነበተ ቁራጭ የነቀርሳውን ዓይነት ይናገር ይሆናል፤ ስለ ኸር2 የሚሰጠው ቃል ግን አይታመንም። በሰም ከተጋገረ በኋላ ጊዜ ይሰጣል። ስለሆነም 130 ኪሎ ሜትሩን መጓዝ ያለበት በሰም የተጋገረው እንጂ ብልቃጡ አይደለም። በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ የሚማሩ ወጣቶችም ቁራጩ ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት በመጠየቂያው ወረቀት ላይ መጻፍን ከጅምሩ ቢለምዱ እወዳለሁ።

ትራስቱዙማብ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የሰፈረው ለጡት ነቀርሳ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ያው ነው። ልብን ሊያደክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በየሦስት ወሩ ገደማ የልብ አልትራሳውንድ ይጠይቃል።

ከአንኮበር ለሚመላለስ ሰው፣ ብዙ ሰዓት ፈሳሽ ከሚያስፈልገው ሲስፕላቲን ይልቅ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ቀን የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲንና ቤቱ ሆኖ ለ14 ቀን የሚውጠው ካፔሲታቢን ይቀላል። እንክብሉ ግን ቀላል መስሎ ይገድላል። ተቅማጡ በቀን ከወትሮው በ4 ጊዜ ከበለጠ፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ቀልቶ ካመመው፣ መዋጡን አቁሞ እንዲመጣ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ለራሱ ይሰጠው፤ ግልባጩም በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ይላክ።