የድንጋይ መሣሪያ ሠሪዎች የጥሬ ዕቃ ምርጫ



የጥንቱ ሰው እግሩ ሥር ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ አንሥቶ ይሠራበት ነበር የሚለው አስተያየት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በአፋር ምድር፣ በጎና የተገኙት መሣሪያዎች ግን ይህን አይመሰክሩም። ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሚደርሰው እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ጥንታዊው አዋሽ አንከባልሎ ካመጣው ድብልብል ድንጋይ ነው። በክምሩ ውስጥ ልዩ ልዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያለ ሠሪዎቹ ያዘወተሩት ቅንጣቱ የደቀቀውን ትራካይት ነበር። ቅንጣቱ የሻከረ ድንጋይ ሲመታ ስንጥቁ ባልታሰበ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የደቀቀው ግን የምቱን ኃይል በእኩልነት ስለሚያስተላልፍ ስለታም ስንጣሪ ይሰጣል። ይህ የጥሬ ዕቃ ምርመራ ካልተባለ ሌላ ምን ሊባል ነው? ላቦራቶሪው ዓይንና እጅ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረው በመልካ ቁንጡሬ ምርጫው ሌላ መልክ ይይዛል። ከዚያ በስተ ሰሜን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በድንጋዩ ስም የሚጠራው የባልጩት ሥፍራ ይገኛል። ባልጩት ፈጥኖ የቀዘቀዘ ቅልጥ አለት በመሆኑ እንደ ጠርሙስ ነው፤ ሲሰነጠቅ ጠርዙ ከብረት ምላጭ ይቀጥናል። ጉድለቱም ከዚሁ ከባሕርዩ ይመነጫል፤ ተሰባሪ ነው። ሥጋና ቆዳ ለመቁረጥ እጅግ ይስማማል፣ ጠንካራ እንጨት ሲጠረብበት ግን ስለቱ ቶሎ ይሸረፋል። ስለዚህ ከባልጩቱ ጎን ባዛልት ቢገኝ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደ ታተመው ጥናት፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያው አካባቢ በሲምቢሮ የእጅ መጥረቢያ ከዚህ ተሰባሪ ዕቃ በብዛት መሠራቱ ነው። ያን ለመሥራት የምቱን ልክ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምርጫው በድንጋይ ብቻ አልተወሰነም። በኮንሶ ከጉማሬ የጭን አጥንት ተጠርቦ የተሠራ፣ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የእጅ መጥረቢያ ተገኝቷል። የእንጨቱ ሥራ በስብሶ ስለ ጠፋ «የድንጋይ ዘመን» የተባለው ስም ራሱ፣ የተሠራበትን ሳይሆን የተረፈውን ዕቃ የሚቆጥር ነው።

በዚያው በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ድንጋይ መርጠው፣ ሰንጥቀው፣ በእንጨት እጀታ እየተከሉ መሥራታቸው በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን በያዘ መጠን ግን ተተኪዋ ልጅ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። አንዲት ባለሙያ የምትጥለውንና የምታስቀረውን ድንጋይ ጎን ለጎን አድርጎ ጥንካሬውንና የስንጥቁን ጠባይ መለካት፣ ሴቶቹ በሥራ ላይ ሳሉ፣ ለመሐንዲስ የሚገባ ሥራ ነው።