የማይነድ የባዮጋዝ ምድጃ፤ ምክንያቱና መላው

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ላልተገኙት ነዋሪዎች በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ የተዘጋጀ።)



ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ክብሪት ጭረን ምድጃው እምቢ ሲለን ምን እናድርግ የሚል ነው። ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ስንት ገንዘብና ጉልበት የፈሰሰበት ጉድጓድ ለሳምንት እሳት ስለነፈገ ብቻ «ይኼስ ሞቷል» ተብሎ ሲተው፣ እናቶችም ወደ ጭሱና ወደ እንጨት ሸክሙ ሲመለሱ እያየን ነው። ከዚህም የከፋ አለ። «እስቲ ምን ነካው» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ለመግባት የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን በጥብቅ ለማስገንዘብ የምንወደው፣ ወደ ማብላያው ጉድጓድ ማንም ሰው እንዳይገባ ነው። ውስጡ የሚተነፈስ አየር የለም። የገባው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ እሱን ላወጣ ብሎ የሚገባውም እንዲሁ ይቀራል።

የባዮጋዝ ሥራ በብሔራዊ ፕሮግራም ደረጃ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። የቤተሰብ ጉድጓዶቹ 4፣ 6፣ 8 ወይም 10 ሜትር ኩብ የሚይዙ፣ ጣሪያቸው እንደ ተደፋ ድስት የሆነ ነው። እበቱ አየር በሌለበት ሲብላላ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ጋዝ ያወጣሉ። ከዚህ ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠው ሚቴን የሚባለው ነዳጅ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን እሱ አይነድም። ይህችን ነገር ልብ በሉ፤ ጋዝ አለ ማለት የሚነድ ጋዝ አለ ማለት አይደለም።

አዲስ ጉድጓድ ሲሞላ የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ግፊት መለኪያው ከፍ ይላል፣ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፣ ክብሪቱ ሲቀርብ ግን ጋዙ እፍ ብሎ ያጠፋዋል። ይኼ ብልሽት አይደለም። የመጀመሪያው ጋዝ አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛበታልና ወደ ደጅ ይለቀቅ፤ ጉድጓዱ እንደገና እስኪሞላ ይጠበቅ፤ ካልነደደም ደግሞ ይለቀቅ። ሲለቀቅ እሳትም ሲጋራም ኩራዝም በአካባቢው አይኑር። ሙከራው በምድጃው ላይ ይሁን እንጂ ከጉድጓዱ በወጣው ቧንቧ አፍ ላይ ክብሪት አይጫር። አየር የተቀላቀለበት ጋዝ እሳቱን ወደ ውስጥ ስቦ ሊያፈነዳው ይችላል።

ሲሠራ ቆይቶ እምቢ ያለውስ? እስቲ መጀመሪያ ጆሮ እንስጠው። የምድጃውን መክፈቻ ስንከፍት የሚነፍስ ድምፅ ከሌለ፣ ጉድጓዱ አናት ላይ ያለው ዋናው መክፈቻ ተዘግቶ እንደሆነ እንይ። ልጅ ዘግቶት ቤተሰብ ሙሉ ቀን የተጨነቀበት ቤት አለ። «ቡልቅ ቡልቅ» የሚል ድምፅ ከሰማን ወይም ነበልባሉ ከፍ ዝቅ ካለ በቧንቧው ውስጥ ውኃ አለ። ጋዙ ከጉድጓዱ እርጥብ ሆኖ ይወጣና ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውኃ ይሆናል። ስለዚህም ነው በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ የውኃ ማፍሰሻ የተሠራው። በሳምንት አንድ ቀን መክፈት ነው፤ ብዙው ችግር እዚሁ ላይ ያልቃል።

ድምፁ ደኅና ሆኖ ነበልባሉ ከምድጃው ተነሥቶ የሚጠፋ ከሆነ አየሩ በዝቷል፤ የአየር ማስገቢያውን ቀለበት ጠበብ ማድረግ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስት የሚያጠቁር ከሆነ ደግሞ አየሩ አንሷል፣ ወይም ገንፍሎ የፈሰሰ ወጥ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። በቀጭን ሽቦ ወይም በሰንበሌጥ ይጠረጉ። በሚስማር መጎርጎር ግን አይገባም፤ ጋዙ የሚወጣባት ቀዳዳ ከሰፋች ምድጃው ዳግመኛ በልኩ አይነድም።

አሁን ወደ መኖው እንምጣ፤ ጉድጓዱም እንደ ላም የሚበላውን ይፈልጋልና። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት በግምት 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። በቀን 40 ኪሎ ከገባ 1,600 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ምድጃው በሰዓት እስከ 400 ሊትር ስለሚበላ የአራት ሰዓት እሳት ይሆናል። ከብቱ መስክ ውሎ የማታው እበት ብቻ ከገባ፣ የጋዙም ነገር እንደዚያው ነው። አንድ ባልዲ እበት ከአንድ ባልዲ ውኃ ጋር በደንብ ይታሸት፤ ገለባና አፈር ይለቀም። የሳምንቱን በአንድ ቀን መድፋት ጉድጓዱን ያኮመጥጠዋል። ያ ከሆነ ለጥቂት ቀናት ምንም ሳይገባበት ይቆይ። በረኪና፣ የልብስ ሳሙና ውኃ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ መርፌ የተወጋች ላም እበት ተሕዋስያኑን ይገድላሉና አይግቡ። በክረምት ብርዱ ጋዙን ይቀንሳል፤ በጣሪያው ላይ ያለውን አፈር ገለባ ማልበስ ይረዳል። እንጀራስ ለሚሉን፣ የተለመደው ምድጃ ለወጥ፣ ለሽሮና ለቡና ነው። እሳቱ መሐል ላይ ስለሚሰበሰብ የምጣዱን ጠርዝ አያበስልም፤ ይህን ደግሞ የጉድጓዱ ጥፋት አድርገን አንቁጠረው።

ድምፅም የለም፣ ውኃም ፈስሷል፣ መኖውም ደኅና ነው፣ ግፊቱ ግን ሌሊቱን የሚወርድ ከሆነ ጋዙ እየፈሰሰ ነው። የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀባ፤ አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። በክብሪት የሚፈልግ ሰው ቤቱን ያቃጥላል። ወጥ ቤት ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከመጣ መክፈቻውን መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ የመብራት ማብሪያም አለመንካት። የባዮጋዝ ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ ግን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ቡታጋዝ ያላችሁ መስኮቱን ብቻ ሳይሆን በሩን እስከ ታች ክፈቱ፤ ሕፃናትንም ከወለሉ አንሡ።

ለመጋጠሚያ ማጥበቂያ የሚሆን ካቻቢቴና የቧንቧ መፍቻ በማኅበሩ ዕቃ ቤት ስላለ፣ የፈለገ ነዋሪ ፈርሞ ወስዶ በማግስቱ ይመልስ። ጣሪያው የተሰነጠቀ የመሰለው ካለ ግን ራሱ አይንካው፤ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብና ግንበኛ አብረን እንጠራለን።