ለራሳችሁ የጠየቃችሁትን ለጎረቤታችሁም ጠይቁ

ውድ ተመራቂዎች፣ ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ሌሎች ይመክሯችኋል። እኔ የማነሣው ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ደጋግማችሁ የምትሰሙትን፣ በየቤታችን ግን በግልጽ የማንወያይበትን ጥያቄ ነው። የተደራጀ ሃይማኖትና የዜጎች ነፃነት በአንድ አገር አብረው መኖር ይችላሉ ወይ? ጥያቄው እዚህ ሚኒሶታ ላለችው ለፍሪድሊ ሩቅ አይደለም። ወደ 30 ሺህ ሰው በሚኖርባት በዚህች ከተማ አል አማል የተባለው የሙስሊሞች ትምህርት ቤትም፣ ቶቲኖ ግሬስ የተባለው የካቶሊኮች ትምህርት ቤትም ይገኛሉ። አንዱ ለመኖር የሌላውን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ መልሴ «ይችላሉ» ነው። ነገር ግን ይህ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ጸጋ አይደለም። የሚጸናው እያንዳንዱ የእምነት ተቋም ለራሱ የሚጠይቀውን መብት፣ ተሳስቷል ብሎ ለሚያምነው ጎረቤቱም እኩል አድርጎ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ይህን የሚያስተምረን የራሳችን የኢትዮጵያውያን ታሪክ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። የሌሎች አምልኮ እንደማይከለከልም ያው ሰነድ ጽፏል። በተግባር ግን የሙሉ ወንጌል አማኞች እ.ኤ.አ. በ1967 ለመመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ ተደረገ፤ ብዙዎቹም ለጸሎት በመሰብሰባቸው ታሰሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥተው በአገራቸው እኩል ዜጋ መሆንን ሲጠይቁ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የሙስሊሞችን በዓላት የሕዝብ በዓል አደረገ፤ ሃይማኖትና መንግሥት ተለያዩም ተባለ። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ተለያየሁ ያለው መንግሥት፣ ያለ እኔ ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ብሎ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረደ፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገደሉ። ቄስ ጉዲና እዚሁ ሴንት ፖል በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ የተማሩ ሰው ናቸው። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ተከፍቶላቸው ነበር፤ ምእመናኑን ጥሎ መሄድን ግን አልተቀበሉም።

በንጉሡ ዘመን አንዱ ሃይማኖት ከቤተ መንግሥት ጋር አብሮ ተቀመጠ፤ በደርግ ዘመን ቤተ መንግሥቱ በሃይማኖቶች ላይ ተቀመጠ። በሁለቱም ዘመን የተረገጠው የሰው ኅሊና ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ የደነገገው ከዚህ ተምሮ ነው። ሆኖም ድንጋጌው ብቻውን አልበቃም። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሞች የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ ብለው «ድምፃችን ይሰማ» ሲሉ፣ የወከሏቸው ሰዎች በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰው ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ያን ጊዜ ስንት ቤተ ክርስቲያን ስለ አንቀጽ 11 ተናገረ? በ2015 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ሲከፈል፣ የመንግሥት እጅ አለበት ተብሎ ምእመናን ጥቁር ሲለብሱስ፣ ሌሎቻችን ድምፃችንን ምን ያህል አሰማን? አንቀጹ የሁላችን ሆኖ ሳለ ተራ በተራ ብቻችንን የምንጮህበት ከሆነ ማንንም አያድንም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ሃይማኖት እውነቱ የኔ ብቻ ነው ይላል፤ ነፃነት ደግሞ ሁሉም የመሰለውን ይያዝ ይላል፤ ስለዚህ እምነት ካልላላ ነፃነት አይኖርም» የሚል ነው። ይህ ክርክር ማመንንና ማስገደድን ያምታታል። በ15ኛው መቶ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው ለፈጣሪ እንጂ ለንጉሥ አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። እነዚህ መነኮሳት እምነታቸው የላላ አልነበረም፤ የንጉሡን ሥልጣን ወሰን ያሳዩት እምነታቸው ስለ ጸና ነው። ንጉሡም አማኝና ጸሐፊ ነበር። ጥፋቱን ያመጣው የእምነቱ ጽናት ሳይሆን ለክርክር በሰይፍ መልስ መስጠቱ ነው። ይህን ታሪክ በአማርኛ እንድናነብ ያደረጉን እዚሁ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው አካላቸው ከተጎዳ በኋላ፣ ካቶሊኮች ባቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነው ሳለ፣ ኦርቶዶክሳዊ ንጉሥ በኦርቶዶክሳውያን መነኮሳት ላይ ያደረሰውን ግፍ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በተባለው መጽሐፋቸው ገልጠው አሳዩ። የራስን ቤት ጥፋት መናገር እምነትን እንደማያፈርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። ልጆቼ፣ መጽሐፉን ካላነበባችሁት ግን ወቀሳ ይገባችኋል፤ በመኪና ከሁለት ሰዓት ባነሰ መንገድ ላይ የተደከመበት ሥራ ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ተግባራዊ ነው። የአንዱ እምነትና የሌላው መብት ሲጋጩ ማን ይለቃል? ሚኒሶታ ሁለት ትምህርት ሰጥታናለች። በግዛቱ ደቡብ ምሥራቅ የሚኖሩ፣ አሚሽ የተባሉ ክርስቲያኖች በፈረስ ጋሪያቸው ላይ ብርቱካናማውን የማስጠንቀቂያ ምልክት መለጠፍ ከእምነታችን ጋር አይስማማም አሉ፤ በምትኩ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ቴፕና ፋኖስ እንጠቀም ብለው ጠየቁ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ፈረደላቸው። የመንገድ ደኅንነት በሌላ መንገድ የሚጠበቅ ከሆነ ኅሊናቸውን መጫን አያስፈልግም ነበርና። ከዚያ በኋላ የመጣውን የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ኤርፖርት ጉዳይ ደግሞ ታክሲ የነዱ ወላጆቻችሁ ያስታውሱታል። በርካታ ሙስሊም አሽከርካሪዎች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ አልኮል የያዘ ተሳፋሪ አንጭንም አሉ፤ በዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ተሳፋሪ ተመለሰ። ተሳፋሪው አስቀድሞ እንዲያውቅ በታክሲው አናት ላይ በቀለም የሚለይ መብራት ይደረግ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ተቃውሞ በዛበትና ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የኤርፖርቱ ኮሚሽን ደንብ አወጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያለ አሽከርካሪ 30 ቀን ከሥራ ይታገዳል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከደገመው ፈቃዱን ለሁለት ዓመት ያጣል። ደንቡ እንዲታገድ የጠየቁት አሽከርካሪዎች በፍርድ ቤትም አልተሳካላቸውም።

ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ በእስልምና ላይ የተሰነዘረ ጥቃት አድርጎ ይቆጥረዋል። የአሽከርካሪዎቹን ቅንነት አልጠራጠርም፤ እንጀራቸውን ለአደጋ ያጋለጡት ለኅሊናቸው ብለው ነው። ነገር ግን አሚሹ ጸንቶ የቆመበት በራሱ ጋሪ ነበር፤ በታክሲው ጉዳይ ግን ሻንጣውን ይዞ በብርድ የቆመው ሌላ ሰው ነው። ሕዝብን ሊያገለግል ፈቃድ የወሰደ ሰው፣ የእምነቱን ዋጋ በተገልጋዩ ላይ መጣል የለበትም። የማንም እምነት ይሁን መለኪያው ይኸው ነው። ነገ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ መሐንዲስ ወይም የከተማ ሠራተኛ ስትሆኑ የጸሎት ሰዓታችሁንና ጾማችሁን አስከብሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪው ከመጠን ያለፈ ጫና እስካልደረሰበት ድረስ እንዲያመቻችላችሁ ያዛል። በሽተኛው ወይም ደንበኛው ግን በእናንተ እምነት አይመዘን።

አሁን ለወላጆች የማቀርበው ወቀሳ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የድምፅ ደንቡን አሻሽሎ አምስቱም አዛኖች በድምፅ ማጉያ እንዲሰሙ በሙሉ ድምፅ ፈቀደ። እዚህ ሁላችን አናሳ ነንና የአናሳ መብት ሲከበር ደስ ይለናል። አገር ቤት ስንመለስ ግን ቋንቋችን ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ሲታገዱና ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ከእኛ መካከል «መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል ወይ?» ብሎ የመለሰ ብዙ ነው። መካ የምትተዳደረው በሌላ አገር ሕግ ነው፤ የአክሱሟ ተማሪ ግን ኢትዮጵያዊት ዜጋ ናት። የሌላው መከልከል የእኛን መከልከል ትክክል አያደርገውም። በ2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ በ2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቃጠሎ ብቻ ቆጠረ። በሚኒሶታ ነፃነትን እየጠየቁ ለአገር ቤት ብልጫን መመኘት በሁለት ሚዛን መመዘን ነው። ልጆቻችሁም ይህን ያያሉ።

ውድ ተመራቂዎች፣ ቤተ ክርስቲያናችሁንና መስጊዳችሁን አትተዉ። የተደራጀ ሃይማኖት ስደተኛን ተቀብሏል፣ ድሃን አብልቷል፣ ለገዢ እምቢ የሚሉ ሰዎችንም አፍርቷል። ነገር ግን ተቋማችሁ የሌላውን መብት ሲነካ ዝም አትበሉ፤ ጉባኤው ላይ ቆማችሁ ተናገሩ። የጎረቤታችሁ አምልኮ ሲከለከል ከእሱ ቀድማችሁ ተሟገቱ። ሃይማኖትና ነፃነት አብረው የሚኖሩት በሕግ ብቻ አይደለም፤ ይህን በሚያደርጉ አማኞች ነው። እናንተ እነዚያ አማኞች ሁኑ።