ሰላጣውን ያከበደው ዘይት

ጎጃም በረንዳ ሱቅ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ «ክብደት ልቀንስ» ብሎ ምሳውን ሰላጣ ሲያዝ፣ የእኔ ዓይን ከቅጠሉ ይልቅ ዘይቱ ላይ ያርፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የምግብ ቤት እጅ ደግሞ ለጋስ ነው፤ ሦስት ማንኪያ ቢያፈስ 360 ሆነ። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ተደምረው እንኳ ይህን አያክሉም። ማዮኔዝ ከታከለበትማ ተዉት! ጭነት ሲያወርድ ለሚውለው ወዛደር ጉልበት ይሆነዋል፤ ለተቀማጩ ግን ቦርጭ ነው።

ቅጠል ብቻውን ደግሞ አያጠግብም፤ አሥር ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ያስፈልጋል። የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ፣ በፍስክ እንቁላል ይጨመርበት፤ በሎሚና በቃሪያ ይጣፍጥ። ዛሬ ስታዝዙ አስተናጋጇን «ዘይቱን ለብቻው አምጪልኝ» በሏት።